ሳይሠራ የተመረቀው ድልድይ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ልኬ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው፤ ሰው ገና ከበር ሲገባ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ በዓይኗ ለክታ የትከሻውን ስፋት ትነግረዋለች፣ ብዙ ጊዜም አትስትም። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን ዓመት ያሳለፈችው በአንዲት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር በተቀመጠችው የስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ ነው። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ባንክ ቤት ከመስታወት ጀርባ ታየዋለች እንጂ በእጇ ነክታው አታውቅም ነበር።

ትምህርቱን ያመጣባት ልጇ ናት። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ በየግድግዳው የተለጠፈ ወረቀት ሳታነብ አታልፍም። አንድ ቀን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት «በፎቶ ታሪክ መንገር» የሚል ትምህርት በነፃ ሊሰጥ መሆኑን አነበበችና እናቷን ሳታማክር አስመዘገበቻት። ልኬ ስትሰማ ተቆጣች። በዚህ ዕድሜዋ ከልጆች ጋር ተቀምጣ መሳቂያ እንድትሆን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ግን የሚያስቅ ነገር ካለ አብረሽ ትስቂያለሽ ብላ፣ ሹራቧን ይዛ በር ላይ ቆመችላት። እንዲህ ሆና ሄደች።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሚሠሩት ዘጠኙ ናቸው። አስተማሪዋ ፎቶ አንሺ ናት፤ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ካሜራዋን ከትከሻዋ የማታወርድ ወጣት። የመጀመሪያው ቀን ልኬ ማውሱን እንደ ካውያ ጨብጣ ጠረጴዛው ላይ ስትጫነው አይታ፣ ሳትስቅ፣ በሁለት ጣት ብቻ እንድትይዘው አሳየቻት።

የዚያን ቀን ልምምድ ቀላል ይመስል ነበር። አስተማሪዋ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች የተነሱበትን አንድ ፎቶ ለሁሉም ሰጠችና ሦስት ቦታ እየቆረጣችሁ ሦስት ታሪክ አውጡበት አለች። ልኬ መጀመሪያ ግር አላት። ከዚያ ግራውን ቆርጣ ስትጥለው፣ ከሰው መሐል ተውጣ የነበረች አንዲት ሴት ብቻዋን ቀረችና ሰው የጠፋባት መሰለች። ቀኙን ስትቆርጠው ያቺው ሴት ከሽማግሌው ጋር የምትስቅ ሆነች። ልኬ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱ እንዴት እንዳለቀ አላወቀችም። አስተማሪዋ መጥታ ለምን እዚህ ጋ እንደቆረጠችው ብትጠይቃት «እዚህ ሲቆረጥ ይወድቅለታል» አለች፤ ጨርቅ ሳይኮማተር ቀጥ ብሎ ሲወርድ እንደምትለው ማለት ነው። አስተማሪዋ ይህን አባባል ወዲያው ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፎቶውን ሁሉ ጥቁርና ነጭ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ በቀለሙ መተው ተማሩ። ልኬ የስፌት ጠረጴዛዋን ፎቶ አንስታ መጥታ ነበር፤ ሁሉን ነገር አደበዘዘችና አንዱን ቀይ ክር ብቻ ተወችው። ያ ክር ከስክሪኑ ወጥቶ የሚመጣ መሰላት። አስተማሪዋ ሌየር የምትለውን፣ አንዱ ምስል በሌላው ላይ የሚነጠፍበትን ነገር፣ ሌላው ተማሪ ግራ ሲገባው እሷ ወዲያው ተረዳችው። ገበር ነው አለች፤ ከላይ ያለው ጨርቅ የሚያምረው ከሥር ያለው ገበር ካልተጨማደደ ነው። ክፍሉ በሙሉ ከዚያ ወዲያ ገበር እያለ ይጠራው ጀመር።

ቤት ስትገባ ወሬዋ ይህ ብቻ ሆነ። አንድ ቀንማ የፎቶ ጥላ ወዴት እንደሚወድቅ እያሰላሰለች የደንበኛ ሱሪ በካውያ ልታሳርር ለጥቂት ተረፈች። ልጇ እንደዚህ ሆና አይታት አታውቅም።

ሦስተኛው ልምምድ ነው ጉዱን ያመጣው። አስተማሪዋ የምታውቁትን ቦታ አንሱና የሌለውን፣ ግን መኖር ነበረበት የምትሉትን አንድ ነገር ጨምሩበት አለች። አንድ ሕግም አስቀመጠች፦ የተለወጠ ፎቶ የሚያይ ሰው መለወጡን ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ «የተቀነባበረ ምስል» ተብሎ ይጻፍበት።

ልኬ ማሰብ አላስፈለጋትም። ከቤቷ ጀርባ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ጥልቅ ነው፣ ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ። ከቦዩ ማዶ ታላቅ እህቷ ትኖራለች፤ ልኬ «እታለም» ነው የምትላት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ቦዩ ላይ የእንጨት መሸጋገሪያ ነበረ፤ ከአራት ዓመት በፊት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። የቀሩት በሁለቱ ዳር የቆሙት የድንጋይ መሠረቶች ብቻ ናቸው። አሁን ወደ ማዶ ለመሄድ በዋናው መንገድ ዞሮ ግማሽ ሰዓት መጓዝ ያስፈልጋል። የእታለም ጉልበት ደግሞ ይህን አይችልም። አራት ዓመት ሙሉ የእህቷን ደጃፍ አልረገጠችም። ልኬም ሥራ ሲይዛት በወር አንዴ ብትሄድ ነው። የቀረውን ጊዜ በስልክ ይጫወታሉ፣ ወይም በቦዩ ግራና ቀኝ ቆመው እጅ ይነሳሳሉ።

ረቡዕ ዕለት ልኬ ካሜራው የተሻለውን የልጇን ስልክ ይዛ ቦዩ ዳር ሄደች። ፎቶውን ካነሳች በኋላ ግን ልቧ አላርፍ አላት። ሳይለካ የተቆረጠ ነገር አትወድም። ለእታለም ደወለችና ብቅ እንድትል ነገረቻት። ከዚያ የክር ጫፍ ትንሽ ድንጋይ ላይ አስራ ወረወረች። የመጀመሪያው ቦዩ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው በዚያ ያልፍ የነበረውን የማዶውን ፀጉር አስተካካይ ጫማ መታው። ሰውዬው አንስቶ ለእታለም ሰጣት።

«ምንድን ነው የምታስይዢኝ?» አለች እታለም።

«ለትምህርቴ ነው። ብቻ መሠረቱ ጠርዝ ላይ ያዥልኝ።»

ክሩን ወጥረው ያዙ። ልኬ በእሷ በኩል ቋጠሮ አድርጋ ሳበችውና በሜትሯ ለካችው። ሰባት ሜትር ከአርባ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት በር ላይ ቆማ ተገኘች። ልጇ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር መናፈሻ ሄዳ የብረት ድልድይ ላይ የተነሳችው ፎቶ ነበረ። ልኬ ልጇንና ጓደኞቿን አንድ በአንድ ቆርጣ አወጣቻቸው፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ከጎኑ እየቀዳች ሞላችው፣ ድልድዩን አንስታ ቦዩ ላይ አነጠፈችው። አልሆነም። ጥላው በተቃራኒው በኩል ወደቀ። ገለበጠችው፤ ሆነ። ርዝመቱን በሰባት ሜትር ከአርባ ስሌት፣ የመደገፊያውን ከፍታ በሰው ወገብ ልክ አደረገችው። አስተማሪዋ ፎቶ ላይ ያለ ነገር ስንት ሜትር መሆኑን ማን ያውቃል ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ልኬ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

በመጨረሻ የብረቱን ጠርዝ ከድንጋዩ ጋር አለሳልሳ ስታገናኘው ስፌቱ ጠፋ። ድልድዩ እዚያ የነበረ፣ ትናንትም ሰው የተሻገረበት መሰለ። የክፍሉ ተማሪዎች ወንበራቸውን ትተው ከጀርባዋ ተሰበሰቡ።  ከዚህ በፊት የሠራችው ነገር ሁሉ ሰው የሚለብሰው ነበር፤ ይህ ግን ከምንም የመጣ ነው።

በሕጉ መሠረት ጽሑፉን ጻፈችበት። ነገር ግን ከመጻፏ በፊት የነበረውን አንድ ቅጂ አስቀርታ ነበር። ያንን በስልኳ ለእታለም ላከችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ እህቷ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንድትደነቅ፣ ከዚያ ደውላ አብረው ሊስቁ ነው። ደረጃውን እየወረደች ልትደውል ስትል ስልኳ ጠራ። የሙሽራ እናት ናት፤ ለሚዜዎቹ ቀሚስ ልክ አራት ሴቶች ይዛ በሩ ላይ እየጠበቀች ነበር። ልኬ እየሮጠች ሄደች። ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ወረወረችው፤ ጨርቅ ተደራረበበትና ጨርሶ ተረሳ።

ማዶ ግን እታለም መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን አየችው። ደጋግማ አየችው። ስትደውል ልኬ አታነሳም። ስለዚህ ወደ ቦዩ ከመውረዷ በፊት ስልኩን ይዛ ደጇ አጠገብ ወዳለው ፀጉር አስተካካዩ ገባች። ሱቁ በሩ ወደ መንገዱ ስለሆነ ቦዩን አያይም። ሰውዬው ግን አልተጠራጠረም፤ ረቡዕ ዕለት ሲለኩ በዓይኔ አይቻለሁ አለ፣ የአሁን ጊዜ ድልድይ ተሠርቶ አልቆ በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው አለ። ፎቶውን «ለማዘጋጃ ቤታችን ምስጋና ይድረሰው» የሚል ጽፎበት ለሰፈሩ ሰው በሙሉ ላከው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወሬው ከማዶ ወደዚህ ተሻገረ። አንዳንዱ ለማዘጋጃ ቤት ደውሎ አመሰገነ።

ልኬ ሦስተኛዋን ሚዜ እየለካች ሳለ ልጇ በሩን በርግዳ ገባች። ከሥራ ስትመለስ ሰዉ ሁሉ ወደ ቦዩ ሲጎርፍ አይታ ብትጠይቅ፣ ድልድዩ ሊመረቅ ነው ብለው ለእታለም የተላከውን ፎቶ አሳዩዋት።

«እማዬ፣ ለእታለም ምንድን ነው የላክሽላት?» አለች።

ልኬ የመርፌ መሰኪያዋ እጇ ላይ እንደታሰረ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጥታ ሮጠች።

የቦዩ ሁለቱም ዳር በሰው ተሞልቷል። ማዶ፣ የድንጋዩ መሠረት አጠገብ፣ እታለም ቆማለች። ልኬ ራሷ የሰፋችላትን፣ ከቁም ሣጥን የማይወጣውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛለች። ቦዩን ታየዋለች፣ ስልኩን ታየዋለች፣ ተመልሳ ቦዩን ታየዋለች። 

«አንቺ» አለች ልኬን ስታያት፣ «ድልድዩ የታለ?»

ልኬ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር።

«የለም፣ እታለም» አለች። «እኔ ነኝ በኮምፒውተር የሠራሁት። ልደውልልሽ ነበር። ረሳሁት።»

እታለም ዞራ፣ ምርኩዟን እየተከለች፣ ሰው መሐል ገብታ ሄደች። በዚህ በኩል ያለው ሰው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አጉረመረመ፤ አንዱ በሰው ጉልበት ይቀለዳል ወይ ብሎ ተቆጣ። በሰዉ መሐል የሰፈሩ በያጅ ነበር፤ «እሳቱ» ይሉታል። እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ፎቶውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየ፣ ወደ መሠረቱ ወረደና ድንጋዩን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ እኮ ይሠራል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ልኬ ያን ጊዜ የሰማችው አይመስልም። ቤቷ ገብታ ሁለተኛ ያንን ማውስ አልነካም አለች። እሑድ ጠዋት ግን መንገዱን ዞራ እህቷ ቤት ሄደች። እታለም በሩን ከፈተችላት እንጂ ሰላምታ አልሰጠቻትም። ልኬ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣ ይቅርታ ጠየቀች። ላሾፍብሽ አይደለም፣ ደስ እንዲልሽ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። እታለም መነጽሯን አደረገች። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች፤ ፎቶው እንደተከፈተ ነበር።

«እዚህ ጋ» አለች በጣቷ እየጠቆመች፣ «መወጣጫው ደረጃ ነው። እኔ ደረጃ እችላለሁ ወይ? ደግሞስ የሠራሽው እኔ እንድሻገርበት አይደል? ዘቅዘቅ አድርጊው።»

ልኬ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮ መጣ። እታለምም ሳቀች። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው እስከ ቀትር ድልድዩን ሲያሻሽሉ ዋሉ፦ ደረጃው ቀርቶ ተዳፋት ይሁን፣ መደገፊያው በሁለቱም በኩል ይሁን፣ መሐሉ ላይ ሰው አረፍ የሚልበት ቦታ ቢኖር። ልኬ ስትመለስ መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም፤ በጭንቅላቷ እየቆረጠችና እየገጠመች ነበር። ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት አስተማሪዋን አስፈቅዳ ሁለተኛውን ምስል ሠራች። በዚህኛው ላይ ጽሑፉን በትልቁ ጻፈችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ፋይል በብብቱ ይዞ ልኬ ቤት መጣ። አለቃው ባልሠሩት ድልድይ ስልክ እየተደወለ ሲመሰገን ውሎ፣ የቱ ድልድይ ነው፣ ሄደህ እይ ብሎት ነው። ፊቱን አጨፍግጎ ይህን ያደረገው ማነው አለ። ልኬ እኔ ነኝ ብላ ወንበር ሰጠችው። ሁለቱንም ምስል አሳየችው፣ ታሪኩንም ከክሩ ጀምራ ሳትደብቅ ነገረችው። ሰውዬው ሰባት ሜትር ከአርባ ስትል ሲሰማ እጁን አነሳ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ስንት አሉኝ?»

«ሰባት ከአርባ።»

ፋይሉን ገለጠ። ሰፈሩ ሦስት ጊዜ ድልድይ ይሠራልን ብሎ ያመለከተበት ወረቀት ውስጡ ነበር፤ የመጀመሪያው ላይ አንድ ሰው «ስፋቱ በግምት አሥራ ሁለት ሜትር» ብሎ ጽፎበታል። ለዚያ ስፋት የሚያስፈልገው ግንባታ ከባድ ነው ተብሎ ሦስቱም ጊዜ ተመልሷል። በአራት ዓመት ውስጥ ሄዶ የለካ አንድም ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ወደ ቦዩ ወጣ፤ ልኬ ተከተለችው፣ እሳቱም ከሱቁ ወጥቶ ተከተላቸው። መሐንዲሱ መለኪያውን ዘርግቶ ሲያይ ሰባት ሜትር ከአርባ ሁለት ሆነ።

«ክር ሲወጠር ይሳባል» አለች ልኬ፣ እንዳፈረች።

መሐንዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ግን ቁም ነገር ውስጥ ገቡ። ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሌላ ቦታ የተነሳ የእግረኛ መሸጋገሪያ ተሸካሚ ብረቶች ተጋድመው ዝናብ ይመታቸዋል፤ ስምንት ሜትር ናቸው። መሠረቶቹ ጤነኛ ናቸው። እሳቱ ብየዳውን እኔ እሠራለሁ አለ። መሐንዲሱ ተዳፋቱን በምስሉ ላይ አይቶ ይህን ማን አሰበው ብሎ ጠየቀ፤ ታላቅ እህቴ አለችው። ምስሉን በትልቁ አሳትሞ ከፋይሉ ፊት አያያዘው። ወረቀት ሦስት ጊዜ ያላሳየውን ነገር፣ የሚመለከተው ሁሉ በአንድ አፍታ አየው።

ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ልኬ በክፍሉ ፊት ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ያለ ጽሑፍ የላከችውንም፣ እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ የሄደችበትንም አልዘለለችም። አስተማሪዋ አልገሠጸቻትም። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠችና ተማሪዎቹ አነጻጽረው እንዲያዩ አደረገች። ከዚያ የመጨረሻው ልምምድ ምን እንደሆነ ነገረቻቸው፦ ድልድዩ ሲሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንሳት።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ብረቱ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። ከሁለቱም ዳር ሰው ገመድ ይዞ ሲስብ፣ እሳቱ ሲያዝ፣ መሐንዲሱ ሲሮጥ፣ የክፍሉ ተማሪዎች ካሜራ ይዘው ከዚህም ከዚያም ሲያንጋጥጡ፣ ፀጉር አስተካካዩ የዛሬው እውነተኛ ነው እያለ ለሚደውልለት ሁሉ ሲምል ዋለ። ተሸካሚው ብረት በሁለቱ መሠረቶች ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ፣ ልኬ በያዘችው ካሜራ ማንሳቱን ረስታ አጨበጨበች። የተጠናቀቀው ድልድይ ምስሉን አይመስልም። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ መደገፊያው አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ጎብጧል። ተዳፋቱ ግን እታለም እንዳለችው ነው።

በተከፈተ ዕለት እታለም ቀድማ ተሻገረች። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰዉ የፈራች መሰለው፤ ልኬ ልትሄድላት አንድ እርምጃ ተራመደች። እታለም ግን እጇን አንስታ ቆይ አለቻት። ቦዩን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፣ የሁለቱንም ሰፈር ጣራ አየች። ከዚያ ሳትቸኩል መጣች።

እታለም ልኬ ቤት ገብታ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ቀለሙ ተቀይሯል አለች፣ መጋረጃው አጥሯል አለች፣ ልጅቷ ከስታለች አለች። ሻይ ቀርቦላት ሳትጠጣው ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። ልትሄድ ስትነሳ የዚያ የፎቶ ትምህርት ቀጣዩ ዙር መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ልኬ የምትቀልድ መሰላት። እታለም ግን የሟች ባሏ አንድ ፎቶ እንዳላት፣ ፊቱ ላይ ውኃ ፈስሶበት ዓይኑ እንደጠፋ፣ ያንን ዓይን ከራሷ በቀር ሌላ ሰው እንዲሠራው እንደማትፈልግ ነገረቻት።

በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ቀስ እያሉ ወጡ። እታለም በየሦስት ደረጃው አረፍ ትላለች፤ ልኬ ደግሞ በእያንዳንዷ ዕረፍት ስለ ገበር፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ጠርዝ ሳትጠየቅ ታስረዳለች። በመጨረሻው ደረጃ ላይ እታለም አስቆመቻት።

«በቃ፣ ዝም በይ» አለች፣ «አስተማሪዋ ትንገረኝ።»

ከዚያ በሩን ራሷ ገፋ አድርጋ ገባች።